ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ ያለው ሽቦ



ከአቃቂ ቃሊቲ ብዙም ሳንርቅ የአባ ሳሙኤልን ግድብ እናገኛለን። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው ይህ ጣቢያ ከአገራችን የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ቀዳሚው ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሷል። የዛሬው ርእሴ ግን በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት፦ ማብሪያ ማጥፊያ።

እናቴ የምትኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከአልጋ ሳትነሣ መብራት እንድታጠፋ ብዬ በስልክ የሚታዘዝ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁላት። የገዛሁት የመተግበሪያውን ውበት አድንቄ እንጂ ግድግዳውን ጠይቄ አልነበረም። የድሮውን ስፈታው ሁለት ሽቦ ብቻ አገኘሁ።

ይህ የኤሌክትሪሺያኑ ጥፋት አይደለም። የተራ ማብሪያ ማጥፊያ ሥራ ፌዙን መቁረጥና መቀጠል ብቻ ስለሆነ፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ስማርቱ ግን መብራቱ ጠፍቶም ትእዛዝ እየጠበቀ ስለሚቆይ የራሱ ኃይል ያስፈልገዋል። ኒውትራል የማይጠይቀው ዓይነት ይህን ኃይል የሚያገኘው በአምፖሉ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ በማሾለክ ነው። በጥንቱ ባለ 60 ዋት አምፖል ይህ አይታወቅም ነበር፤ ባለ 5 ዋት ኤል ኢ ዲ ግን ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ይበራል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። በማግስቱ እናቴ «ልጄ፣ ይህ መብራት እኮ አልተኛም ብሎ አደረ» አለችኝ።

ከአምፖሉ ጎን ለጎን ትንሽ ካፓሲተር ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኔ ግን የምመርጠው ፌዙም ኒውትራሉም በሚገናኙበት ስካቶላ ውስጥ ሪሌይ መግጠምን ነው፤ የድሮው ማብሪያ ማጥፊያም ትእዛዝ ሰጪ ሆኖ በቦታው ይቀራል። አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ኒውትራል አጣን ብላችሁ አረንጓዴና ቢጫውን የመሬት ሽቦ አትተኩበት። ይሠራል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። የመሬቱ መስመር አንድ ቦታ ቢበጠስ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የማቀዝቀዣ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሻጮች እምብዛም የማይጠየቁት ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ሁሉንም ያበራል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ቦግ ይላል። ወደ ነበረበት እንዲመለስ ወይም ጠፍቶ እንዲቆይ ማስተካከል የማይቻልበትን ዕቃ ለእኛ ሰፈር አልመክርም።

በዋይፋይ የሚሠሩት ብዙዎቹ ትእዛዙን ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ልከው ነው የሚመልሱት፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልኩ ከንቱ ይሆናል። ዚግቢ ከሆም አሲስታንት ጋር ሲጣመር ግን ሁሉም ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ያልቃል። ኒውትራል ያለው የዚግቢ ዕቃ የጎረቤቱንም መልእክት ያሻግራል፤ የሌለው አብዛኛውን ጊዜ አያሻግርም። ወፍራም ኮንክሪት ባለበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እናቴ መተግበሪያውን እስከ ዛሬ አልከፈተችውም። ከአልጋዋ ራስጌ በሰዓት ባትሪ የምትሠራ አንዲት የዚግቢ ቁልፍ ለጥፌላታለሁ፤ መኝታ ቤቱንም ሳሎኑንም የምታጠፋው በእርሷ ነው።