በሩቅ መንገድ ላይ የብስክሌት ፍሬም ሲሰበር
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ጎማ ቢተነፍስ፣ ሰንሰለት ቢበጠስ ሁላችንም እጃችን ለምዶታል። ፍሬም ሲሰነጠቅ ግን ጭንቅ ይይዘናል፤ መለዋወጫውን ከሻንጣው ጋር ይዞ የሚጓዝ የለምና። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

ፍሬም ባንድ ቀን አይሰበርም። ጕድጓድ በመታን ቍጥር፣ ፔዳል በረገጥን ቍጥር ቱቦው በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ይመለሳልም። ይህ እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ከብየዳው አጠገብ ወይም ለብሎን ከተበሳው ቀዳዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች። የአረብ ብረት ጫናው ከልክ ካላለፈ ለብዙ ዘመን ይታገሣል፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ ትንሹም ትንሹም ይቈጠርበታል።

ስንጥቁን ለማግኘት ጭቃውን አጥቦ የተጠረጠረውን ቦታ ላምባ መቀባት፤ ጥቂት ቈይቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፤ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ እየወጣ በጠመኔው ላይ መስመር ይሥላል። ጠመኔ እንደ ሆነ በዚህ ግቢ አይጠፋም።

ባለፈው ጉዟችን ጎሃ ጽዮን ላይ ባንደኛው ብስክሌት ይህ መስመር ታየ፤ ያውም መሪው ከሚገባበት ቱቦ ሥር። ከፊታችን የዓባይ በረሃ ነበር፤ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት። አንዳንዶቻችን «በሽቦ ጠፍረን እንውረድ» አልን፤ ሌሎቻችን እንቢ አልን። ባለ ብስክሌቱ ራሱ ለመውረድ ከሚሹት ወገን ነበር፤ ተቈጥቶም ምሳውን ተወ። በመጨረሻ ብስክሌቱን ከነባለቤቱ ባይሱዙ ላይ ጫንነው።

ለምን እንደ ጨከንን እናስረዳ። የኋላውን ጎማ ከሚይዙት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ብቻ ቢሰነጠቅ ግራና ቀኝ በእንጨት ደግፎ፣ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠፍሮ፣ ጭነቱን ለጓደኞች አከፋፍሎ፣ በዝግታ እስከሚቀጥለው ከተማ መድረስ ይቻላል። የፊቱ ሹካ ወይም የመሪው ቱቦ ሲሆን ግን ወርዶ በእግር መሄድ ነው። እርሱ ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ ሰውየው በፊቱ ይደፋል።

ከተማ ሲደረስ በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆች አይጠፉም። ይሁን እንጂ የፍሬም ቱቦ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አይሞላም፤ እንደ በር ብረት ቢበየድ ይቀደዳል። ስለዚህ ቀጭን ኤሌክትሮድና ዝቅተኛ ኃይል ይጠየቅ፤ በጋዝና በነሐስ የሚሠራ ከተገኘማ እርሱ ይበልጣል። አሉሚኒየም ከሆነ በያጁ «እችላለሁ» ቢልም አንቸኵል፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ጥንካሬ ይቀንሰዋል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ፈረንሳዊው ኡዤን ክሪስቶፍ ቱርማሌ ከሚባለው ተራራ ሲወርድ የብስክሌቱ ሹካ ተሰበረ። ብስክሌቱን ተሸክሞ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን እስከምትባል መንደር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄደ። እዚያም ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ሹካውን በገዛ እጁ ጠገነ፤ ደንቡ የሰው ርዳታ ይከለክል ነበርና። ሆኖም አንድ ልጅ ወናፉን ስለ ነፋለት ዳኞቹ ቅጣት ጨመሩበት! በ1919 ዓ.ም. ቢጫውን ማልያ ለብሶ ሲመራ ሹካው ዳግመኛ ተሰበረ።

የክሪስቶፍን ትዕግሥት እናደንቃለን፤ የዳኞቹን ደንብ ግን ለጕዟችን አንወስድም። እኛ ወናፍ የሚነፋ እንፈልጋለን። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እናቀርባለን፤ በጕዞ ላይ ፍሬሙ የተሰበረበትን ማንም ጥሎት እንዳይሄድ፤ ለመኪና የሚከፈለውም በጎሃ ጽዮን እንዳደረግነው ከሁላችን እንዲዋጣ። የሚቃወም ካለ በስብሰባው ቀን ይናገር።