ቅርብና ሩቅ ሳይሆን ክፍትና ዝግ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት ትንሽ የሰዋስው ጥያቄ ለመናገር ነው። ትንሽ ብንላትም እኛን አሳፍራናለች። በአንድ ክረምት ለዕረፍት አገራችን ገብተን ሳለን መራዊ ላይ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እናስተምር ነበር። «ፕሬዘንት ፐርፌክት የቅርብ ኃላፊ ነው፤ ፓስት ሲምፕል ግን ቆየት ላለ ነገር ነው» ብለን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አነሣችና «የባሕር ዳሩ መኪና ከአምስት ደቂቃ በፊት ሄደ። ከዚህ የቀረበ ምን አለ? ታዲያ መጽሐፉ ለምን ‹ሌፍት› ይላል እንጂ ‹ሃዝ ሌፍት› አይልም?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። «ነገ እንነግርሻለን» ብለን አለፍናት።

ያን ማታ ተቀምጠን ስንመረምረው ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእኛ ሆኖ አገኘነው። ያሳተን «ቅርብ» የሚለው ስም ነው። ከቅኔ ቤት ያለፉ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት በግዕዝ «መጽአ» የሚለው ቀዳማይ አንቀጽ ለ«መጣ»ም ለ«መጥቷል»ም ይበቃል። አማርኛችን ሁለቱን ለይቷል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ከ«ትናንት» ጋራ ያስማማል። «ትናንት መጣ» እንላለን፤ «ትናንት መጥቷል» ብንልም የሚቆጣን የለም። እንግሊዝኛ ግን «ሂ ሃዝ ከም የስተርደይ» ማለትን አይፈቅድም። በዚህ የምንሰናከል እኛ ብቻ አይደለንም፤ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችም በቋንቋቸው ይህን የመሰለውን አንቀጽ ከ«ትናንት» ጋራ ስለሚናገሩ እንግሊዝኛ ሲማሩ በዚሁ ይሳሳታሉ።

እንግዲህ ሕጉ ምንድን ነው? እንግሊዝኛ የጊዜውን ርቀት አይለካም። የሚጠይቀው ያ ጊዜ ተዘግቷል ወይስ እስከ አሁን ክፍት ነው ብሎ ነው። «ከአምስት ደቂቃ በፊት» የተዘጋ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ «ሌፍት»። የጎጃም ገበሬ ግን ከጥንት ጀምሮ ጤፍ ዘርቷል፤ ዛሬም ይዘራል። ነገሩ እጅግ ሩቅ ቢሆንም በሩ ስላልተዘጋ እንግሊዝኛው «ሃቭ ግሮውን» ይላል።

ከአገራችን ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የጣሊያን ጦር ቡሬን የለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ከተጠራ ነገሩ ተዘጋ፤ «ሌፍት» ብቻ ነው። የቆጋ ግድብ ግን በመራዊ ዙሪያ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲለማ ታስቦ የተሠራ ነው። ግድቡ አካባቢውን ለውጧል ስንል ለውጡ በዓይናችን ፊት ስላለ «ሃዝ ቼንጅድ» እንላለን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በሕይወት ሳሉ «ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል» ለማለት «ሃዝ ሪትን» ይባልላቸው ነበር። በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን «ሮት» ነው፤ የጸሐፊው ዘመን ተዘግቷልና። እኛ አንባቢዎቹ ግን ገና አለን፤ ስለዚህ መጽሐፉን አንብበነዋል ስንል «ሃቭ ሬድ» እንላለን።

እንዲያውም አንዱ ቃል እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል። «ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥቻለሁ» የሚለውን ከረፋዱ በፊት ብንናገረው «ሃቭ ድራንክ» ያሰኛል፤ ጠዋቱ አላለቀምና። ከሰዓት በኋላ ብንናገረው ግን «ድራንክ» ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የአማርኛው አንቀጽ ራሱ የሚያታልልበት ቦታ አለ። «ገባኝ» ስንል አሁን ማወቃችንን መናገራችን ነው፤ እንግሊዝኛው «አይ አንደርስታንድ» ነው እንጂ «አይ አንደርስቱድ» አይደለም። «ልጁ ተኝቷል» ስንልም «ሂ ኢዝ አስሊፕ» ማለታችን ነው። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ካልን ግን ልጁ ተኝቶ ነቅቷል ያሰኝብናል።

ይህ የፈተና ነጥብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን አንዱ ቡሬ አጠገብ በመምህርነት ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ገና በሥራው ላይ ሳለ፣ ለተጨማሪ ትምህርት ማመልከቻ ጻፈ። «ሁለት ዓመት አስተማርሁ» ብሎ በአማርኛ አስቦ «አይ ቶት ፎር ቱ ዪርስ» አለ። ማመልከቻውን ያዩት ሰዎች ሥራውን የለቀቀ መሰላቸው፤ ዕድሉ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን ብቻ ነበርና ስሙ ተሰረዘ። «ሃቭ» የምትል አንዲት ቃል ብትኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «አሜሪካኖች እንዲህ አይጠነቀቁም» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ «ጀስት»ንና «ኦልሬዲ»ን ይዘው ብዙ ጊዜ በፓስት ሲምፕል ይናገራሉ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በየአውራጃው ስላስተማሩ ይህ አነጋገር አገራችንም ገብቷል፤ ስሕተትም አይባልም። ነገር ግን «የስተርደይ»ን ከ«ሃቭ» ጋራ ማስተባበር ለአሜሪካኑም ለእንግሊዙም እኩል ስሕተት ነው።

በማግሥቱ ለዚያች ልጅ እንዲህ ብለን መለስንላት፦ «መቼ? ብለሽ ጠይቂ። ዓረፍተ ነገሩ ‹ትናንት›፣ ‹ዓምና›፣ ‹ከአምስት ደቂቃ በፊት› ብሎ የሚመልስልሽ ከሆነ ጊዜው ዝግ ነው፤ ‹ሃቭ›ን ተዪው። ‹እስከ ዛሬ›፣ ‹ገና›፣ ‹ከዚያ ወዲህ› የሚል ከሆነ ግን ክፍት ነው።» እርስዋም ደብተርዋ ላይ የጻፈችውን «ቅርብ» ሰርዛ «ክፍት» ብላ ጻፈችበት።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየክረምቱ ወደየአገራችን ስንመለስ ታናናሾቻችን የምንነግራቸውን ሁሉ አምነው ይጽፋሉ። ስለዚህ ሳንመረምር የተቀበልነውን ሳንመረምር እንዳናስተላልፍ አደራ እንላለን።