«ክርስቲያን ነኝ» ስለሚለው ቃልና ስለ ሰሚዎቹ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ለዛሬ ማታ የተሰጠን አርእስት ክርስትና እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚል አይደለም። ያንን ከእኛ ለሚበልጡ ተናጋሪዎች እንተወዋለን። እኛ የምንመረምረው አንድ አጭር ቃል ነው፤ ይኸውም ሰው «ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ማንነቱን ሲያስታውቅ ምን ማለቱ እንደ ሆነ፥ የሚያምነውና የሚጠራጠረውም ቃሉን እንዴት እንደሚቀበሉት ነው። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ነን። ሁለታችን እናምናለን፥ አንዳችን ይጠራጠራል። ስለዚህ «እኛ» ስንል አንድ ሐሳብ ያለን እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ከክርክር በኋላ የተጻፈ ነው።

ነገሩ ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ ከመኝታ ክፍል የመጣ ነው። አራት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ አንዱ ማተቡን ከሸሚዙ በላይ አውጥቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ማተቡን ከበጠሰ ዓመት አልፎታል፤ ሦስተኛው «ጌታን ተቀብያለሁና ክር አያስፈልገኝም» ይላል፤ አራተኛው ሙስሊም ነው። ሽሮ ሲሆን አራቱም በአንድ ትሪ ይበላሉ። ሥጋ በመጣ ቀን ግን ትሪው ሁለት ይሆናል። የሚያስገርመው፥ ማተቡን የበጠሰውና በፈጣሪ መኖር እንኳ የሚከራከረው ወንድማችን በዚያ ቀን የሚቀመጠው ከክርስቲያኖቹ ትሪ ዘንድ ነው። ለምን ብለን ብንጠይቀው «የለመድሁት ነው» አለን። በመልሱ ሳቅን፤ ቆይተን ስናስበው ግን የዛሬው ጥያቄ በውስጡ እንዳለ አየን። የማያምን ሰው ክርስቲያን ነኝ ሳይል ክርስቲያን ሆኖ ይበላል።

እንግዲህ ከስሙ እንጀምር። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።) የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ ነው። «ተባሉ» እንጂ «ራሳቸውን አሉ» አይደለም። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት ወንድሞች፥ ቅዱሳን እየተባባሉ ነበር። ከውጭ የመጣው ስም ብዙ ሳይቆይ ወንጀል ሆነ። በ112 ገደማ የቢታንያና የጳንጦስ ገዥ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን በጻፈው ደብዳቤ ተከሳሾችን እንዴት እንደሚመረምር ያስረዳል። ክርስቲያን ነህን ብሎ ይጠይቃል፤ ነኝ ያለውን በቅጣት እያስፈራራ ሁለተኛና ሦስተኛ ይጠይቀዋል፤ በቃሉ የጸናውን ያስገድለዋል፥ የሮማ ዜግነት ያለውን ወደ ሮማ ይልከዋል። አይደለሁም ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ምስል ዕጣንና ወይን ያቀረበ፥ ክርስቶስንም የሰደበ ግን ይለቀቃል።

ከዚህ ደብዳቤ የሰማዕታቱ ጽናት ብዙ ጊዜ ተሰብኳል። እኛ ሰባኪ ሲጠቅሰው ያልሰማነውን ሌላ ክፍል እናነሣለን። ከተከሳሾቹ መካከል ቀድሞ ክርስቲያን ነበርን፥ አሁን ግን ትተናል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከተዉት 20 ዓመት ሆኗቸዋል። ክርስቲያኖች ምን ያደርጉ እንደ ነበር ለገዥው የነገሩት እነዚህ ናቸው። በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምሩ እንደ ነበር፥ ላለመስረቅ፥ ላለማመንዘር፥ ቃልን ላለማጠፍ፥ የተቀበሉትን አደራ ላለመካድ በመሐላ ይተሳሰሩ እንደ ነበር፥ ኋላም ተገናኝተው እንደ ማንኛውም ሰው ያለ ምግብ ይበሉ እንደ ነበር ተናገሩ። በዚያን ዘመን ስለ ክርስቲያኖች ብዙ ክፉ ወሬ ይወራ ነበርና፥ ራሳቸውን ለማዳን ወሬውን ቢያጸኑለት የሚከለክላቸው አልነበረም። አላደረጉትም። ስለ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ኑሮ በውጭ ሰው እጅ ተጽፈው ከደረሱን ምስክርነቶች ቀደምት የሆነውን የሰጡን እንግዲህ ትተው የወጡት ናቸው። ሁለታችን አማኞቹ ይህን ካነበብን በኋላ ሦስተኛችንን በሌላ ዓይን ማየት ጀምረናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ሰይጣንን የመካዱንና በክርስቶስ የማመኑን ቃል ክርስትና የሚያነሣው ሰው ስለ እርሱ ይናገርለታል። ማተብ ይታሰርለታል፥ የክርስትና ስምም ይሰጠዋል። የሚጠራጠረው ቅሬታ ከዚህ ይነሣል። «እኔ አልተናገርሁም፤ ሌላ ሰው በእኔ አፍ ተናገረ» ይላል። አማኙም «ስምህንም ቋንቋህንም ሳትጠየቅ ነው የተቀበልኸው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ጥሩ ነው፥ ግን ግማሽ ነው። አማርኛ ያስተማረችን እናታችን ስለ አማርኛ አላስማለችንም።

የጸሎተ ሃይማኖትን ነገር ግን በዚህ ላይ መጨመር ይገባል። የግዕዙ ቃል የሚጀምረው «ነአምን» ብሎ በብዙ ቁጥር ነው፤ በ325 የኒቅያ አባቶች የጻፉት የግሪኩ ቃልም እንዲሁ «እናምናለን» ነው። በላቲን ቅዳሴ ግን «አምናለሁ» ሆኗል። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይመስለንም። በብዙ ቁጥር የሚባል ቃል ለደከመ ሰው መደገፊያ ነው፤ በፈተና ሳምንት እምነቱ የላላበትን ተማሪ የጎረቤቱ ድምፅ ይሸከመዋል። የሚጠራጠረውም በዚያው ድምፅ መካከል ዝም ቢል አይታወቅበትም፥ ከወንድሞቹም አይለይም። «አምናለሁ» የሚለው ግን ለብቻ ያቆማል።

በግድ የተነገረ ቃል ምን እንደሚሆን የገዛ ታሪካችን ያሳየናል። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክርስቲያኑ ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፥ በእጆቹም ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ንጉሡን ያስጨነቃቸው የባዕድ አምልኮና የጥንቆላ ነገር ነበር። ነገር ግን በሁሉ ላይ የተጻፈ ጽሕፈት ምን ይነግራል? አማኙም ጠንቋዩም እኩል ተጽፎባቸዋል። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለንጉሥም ለሥዕልም አንሰግድም ስላሉ ተገረፉ፥ ታሰሩ፥ ብዙዎቹም ሞቱ። እነርሱም ክርስቲያን ነን ይሉ ነበር፤ ያውም ከማንም አጥብቀው። ንጉሡ ግን ቃላቸውን ቆጥረው አልሰሟቸውም፤ ምልክቱን አይተው ፈረዱባቸው እንጂ።

በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላም የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ወሎ ላይ ወደቀ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ተራው ሰው ግን አንዱ ሸሸ፥ አንዱ ሸፈተ፥ አንዱም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በአንገቱ ማተብ ያሰረ ሰው በሌሊት ወደ መካ ዞሮ ሲሰግድ፥ ማተቡ የሚናገረው ስለ ታሳሪው ሳይሆን ስለ አሳሪው ነው።

ከዚህ ይልቅ ልናስታውሰው የሚገባን የዐፄ ገላውዴዎስን የሃይማኖት መግለጫ ነው። ከፖርቱጋል ወገን የመጡት ኢየሱሳውያን የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ቅዳሜን በማክበራቸው፥ በመገረዛቸውና እሪያ ባለመብላታቸው ወደ አይሁድ ሥርዓት ያዘነብላሉ ብለው ይከሷቸው ነበር። ንጉሡ በ1555 በአጭር ጽሑፍ መለሱ። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፥ ቁርባን እናቀርብባታለን አሉ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በህንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አሉ። ስለ እሪያም የሚበላውን አንከለክልም፥ የማይበላውን አናስገድድም የሚል መልስ ሰጡ። አስተውሉ፤ ንጉሥ ናቸው፥ ሠራዊት አላቸው፥ ጠያቂዎቹም እንግዶች ናቸው። ሆኖም ክሱን በቁጣ አልመለሱትም፥ አንድ በአንድ አስረዱ እንጂ። እምነት ያሉትንና ልማድ ያሉትንም ለዩ። በሥጋው ቀን «የለመድሁት ነው» ያለው ጓደኛችን ሳያውቀው ከገላውዴዎስ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው፤ እርሱ ግን ይህን ስንነግረው ብዙም ደስ አላለውም።

አሁን ወደሚያናድደን ነገር እንመጣለን። በአማርኛችን «ባለማተብ» ማለት ቃሉን የሚጠብቅ፥ የማይክድ ሰው ማለት ነው። «ማተብ የሌለው» ስንል ደግሞ ከሃዲ፥ ወረተኛ ማለታችን ነው። ቋንቋው ያማረ ነው፤ ያ ጥንታዊ መሐላ፥ አደራን አለመካድ፥ በአንዲት ክር ላይ ታስሮ ይኖራል። ነገር ግን በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ የሆነው 43 ተኩል ያህል፥ ሙስሊሙ 34 ያህል፥ ፕሮቴስታንቱ ከ18 በላይ ነበር። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ ማተብ የማያስር ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው አደራ በላ ነውን?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በአንድ መኝታ ቤት ተማሪዎች ዕቁብ ይጥላሉ። ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ ማተቡን የበጠሰውን ጓደኛውን ዋስ ጠራ። ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ «ማተብ የሌለውን በምን እናምነዋለን?» አለና ዋሱ ተመለሰ። ይህ ልጅ ከዕቁቡ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ሳምንት እንኳ ሳያጓድል የከፈለ ነው። ተቃውሞውን ያነሣው ግን የሁለት ሳምንት ውዝፍ ነበረበት። በዚህ ላይ ሦስታችንም አንድ ሐሳብ ነን፤ የተፈጸመው ግፍ ነው። ማተብን ለዕቁብ ማስያዣ ያደረገ ሰው ማተብን አላከበረም፥ የዕቁቡን መዝገብም አላነበበም።

የሚጠራጠሩትም ከወቀሳ አይድኑም። ማተብ ያሰረውን ሁሉ አስመሳይ፥ ወይም እናቱን የሚፈራ ሕፃን አድርጎ መቍጠር በመካከላችን እንደ ዕውቀት ተይዟል። አንድ ተማሪ ማተቡን ስለምን እንዳላወለቀ ማን ጠየቀው? ለአንዱ የሞተች አያቱ መታሰቢያ ናት፤ ለሌላው በየጧቱ የሚጸልያት ጸሎት ናት፤ ለሦስተኛው ልማድ ናት። ሳይጠይቁ መፍረድ ከምሁር አይጠበቅም።

በወንጌላውያን ወንድሞቻችን ኅብረት ደግሞ ሌላ ዓይነት ቃል እንሰማለን። እነርሱ በክር ፈንታ በአፍ ይናገራሉ፤ እኔ በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ነኝ፥ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ፥ ቅዱስ ነኝ ይላሉ። ቃሉን አብዛኛውን ከጳውሎስ መልእክቶች የወሰዱት ነው። አማኙ ይህን ሲናገር ይጽናናል፤ በተለይም ውጤቱ ተበላሽቶ፥ ከቤተሰቡ ርቆ፥ ምንም አይደለሁም ብሎ ላሰበ ወጣት ትልቅ ነገር ነው። የሚጠራጠረው ግን «ራሱን ቅዱስ የሚል ሰው ምን ያህል ይኩራራል!» ይላል።

እዚህ ላይ ወደ ጳውሎስ ራሱ ሄደን ነበር። የቆሮንቶስን ሰዎች ቅዱሳን ብሎ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። በዚያችው መልእክት ውስጥ እርስ በርሳቸው በአሕዛብ ዳኛ ፊት መካሰሳቸውን፥ በጌታ እራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው መስከሩን እየጠራ ይወቅሳቸዋል። እንግዲህ «ቅዱሳን» ያለው የሥነ ምግባር ውጤት እየሰጠ አልነበረም። ስሙ አስቀድሞ የተሰጠ፥ ኑሮው ገና የሚቀረው ነው። ደግሞም የተናገረው ለማኅበር፥ በብዙ ቁጥር ነው፤ «እናንተ» ያለውን «እኔ» አድርጎ ለብቻ የሚደግም ሰው ስሙን ወስዶ ተግሣጹን እንዳይተው ያሰጋል። ይህን ለወንጌላውያን ጓደኞቻችን ነግረናቸው አንዳንዶቹ ተቀበሉን፥ አንዳንዶቹም ጥርጣሬ አስተማራችሁን አሉን። ለሚጠራጠረው ደግሞ የምንለው፥ ቅዱስ ነኝ ያለውን ሰው ከመሳለቅህ በፊት ቃሉ ለእርሱ የተስፋ ይሁን የትምክሕት መርምር ነው። ሁለቱም አሉና።

በመጨረሻ የምናነሣው በቀልድ የማይነካ ነው። በየካቲት 2015 በሊቢያ ባሕር ዳር 21 ክርስቲያኖች ታረዱ፤ 20ው የግብፅ ቅብጦች፥ አንዱ የጋና ሰው ነበሩ። በሚያዝያም ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በዚያው አገር መገደላቸው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ታየ። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ከአዲስ አበባው ጨርቆስ ሰፈር የሄዱም ነበሩባቸው። በአገሪቱ ሐዘን ሆነ፥ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ጋር አለቀሰ። ፕሊኒ የጠየቀው ጥያቄ ከ1,900 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከአማኞች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የእነዚያን ወጣቶች ስም እየጠሩ የጓደኛቸውን ጥያቄ ዝም ሊያሰኙ ይሞክራሉ። «እነርሱ ሞቱላት፥ አንተ ግን በቡና ስኒ ላይ ትከራከራለህ» ይላሉ። ሁለታችን አማኞቹ ይህን አንቀበልም። እነዚያ ወጣቶች በሰይፍ ፊት የቆሙት እኛ በክርክር እንድንረታ አይደለም። ሦስተኛችንም በበኩሉ ይህን እንድናነብለት ጠይቋል፤ እርሱ ቃሉን ለማለት ባይችልም፥ ያንን ቃል ያለውን ሰው ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

የቀረው ሰዓት ለጥያቄያችሁ ነው፤ ስለ ዕቁቡም የምትሉት ካለ የዕቁቡ ዳኛ ከኋላው ወንበር ተቀምጠዋል።