እንግዳን በክብር ስለ መሸኘት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለጊዜው ቀልድ ይመስላል። ይኸውም አልነሣ ያለን እንግዳ ሳያስቀይሙ እንዴት ማሰናበት ይቻላል የሚል ነው። ነገር ግን በፈተና ሰሞን ደብተሩን ዘግቶ፣ እንግዳው አልጋው ላይ ተደላድሎ ወሬ ሲያራዝም ሰዓት የቆጠረ ተማሪ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ያውቃል።

በመጀመሪያ የልማዱን ምክንያት መመልከት ይገባል። አባቶቻችን በራቸውን ለመንገደኛ የከፈቱት በከንቱ አይደለም። ሆቴል ባልነበረበት አገር የመሸበት መንገደኛ ጅብ እንዳይበላው፣ ብርድም እንዳይጎዳው «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ይለምናል። ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። የዛሬው አሳዳሪ ነገ መንገደኛ ነውና ልማዱ እንደ ዕቁብ ለሁሉም በየተራው የሚደርስ ነበር። ስለዚህ ማደሪያ ያጣን ሰው ስለ ማስወጣት አልናገርም፤ እርሱ ቢያስቸግርም ይደር። የምናገረው የገዛ አልጋው ሃያ እርምጃ ርቆ እየጠበቀው ስለማይነሣው ጓደኛ ነው።

እርሱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የምናስቀምጠው እኛው ነን። እንግዳው «እንግዲህ ልነሣ» ሲል «ምነው፣ ምን ያስቸኩልሃል? በሞቴ ተቀመጥ!» እንለዋለን። እርሱም ስለ ሞታችን ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እናዛጋለን፤ ሰዓታችንን እናያለን፤ በልባችንም እንረግመዋለን። እስቲ ፍረዱ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

እኔ ራሴ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ በፈተና ዋዜማ ወሬ የሚያበዛ ጓደኛዬ ሲመጣ በመስኮት አየሁትና አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ «የለም በለው» ብዬ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ጓደኛዬ ጥቂት ዝም ብሎ ቆሞ ሄደ። ለካስ እናቱ በጠና ታመው ሌሊት ወደ አገሩ ሊሳፈር ኖሮ፣ ለመምህሩ የጻፈውን ደብዳቤ እንዳደርስለት ፈልጎ ነበር። ጉዳዩ የሁለት ደቂቃ ነበር። መምህሩ ምክንያቱን ስላላወቁ ፈተናውን ትቶ እንደ ጠፋ ቆጠሩት። ሲመለስ በብዙ ልመና ነገሩን አቃና፤ የእኛ ወዳጅነት ግን አልቀናም። ያን ዕለት በበሩ ሥር ጫማዬን አይቶት ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ ይዣለሁ። አንደኛ፣ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ «እንኳን መጣህ፤ ነገ ፈተና አለብኝና እስከ ሁለት ሰዓት እንጫወት» እለዋለሁ። ጊዜው አጭር መሆኑን ያወቀ ሰው ዋናውን ጉዳይ አስቀድሞ ይናገራል፤ ጉዳይ ከሌለውም ጨዋታውን ያሳጥራል። ሁለተኛ፣ «ልነሣ» ሲል አብሬው እነሣለሁ፤ «በሞቴ»ን ለማዕድ ብቻ አስቀምጫታለሁ። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ደርሶ ካልተነሣ «በል ና ልሸኝህ» ብዬ ጋቢዬን እደርባለሁ። ሽኝት በእኛ ዘንድ ክብር እንጂ ማባረር አይደለም፤ የቀረውንም ወሬ በመንገድ እንጨርሰዋለን።

ይህን አዲስ ሥልጣኔ ነው የሚለኝ ቢኖር የእናቶቻችንን ቡና ያስታውስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። በረካ ከተጠጣ በኋላ እንግዳው መርቆ ቢነሣ ማንም አይቀየምም፤ ፍጻሜው ከመጀመሪያው የታወቀ ነውና።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሰውን ከበር ኋላ የሚያስቆም ይሉኝታ ለባለቤቱም ለእንግዳውም አይበጅም። በሩን ከፍተን እውነቱን በደግ ቃል ብንነግረው ጥናታችንም ይቀናል፤ ወዳጃችንም አይጠፋም።

ለእኔም የተፈቀደልኝ ጊዜ ስላለቀ፣ ሊቀ መንበራችን «ልሸኝህ» ሳይሉኝ እነሣለሁ።