በዋግ ተዳፋት ላይ ስለሚሠራ የድንጋይ ቤት



ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ ወረዳ ከተማ ወደ ጽጽቃ የሚጓዝ ሰው (ዝቋላ ስል በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን ባለሐይቅ ተራራ ማለቴ አይደለም) በመንገዱ ሁሉ ከዓይኑ የማይለየው ነገር ድንጋይ ነው። ገበሬው ከማሳው እየለቀመ በድንበሩ ላይ ይክበዋል፤ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሸሽበት እርከን ያበጅበታል፤ በፈፋው ላይ ክትር ይሠራበታል። ሆኖም ወደዚያ ተመድቦ የሄደ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ነጋዴ፣ ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የብሎኬትንና የሲሚንቶን ዋጋ ነው። ሲሚንቶው ከሩቅ ፋብሪካ በመኪና ተጭኖ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አቋርጦ እስኪደርስ ድረስ በዋጋው ላይ የሚጨመረውን ከፋዩ ያውቀዋል። ድንጋዩ ግን በደጃፉ ተኝቶ ይጠብቀዋል።

ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት በዋግ ኽምራ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው እንደ ገና ሲሠራ፣ ለአስተማሪውና ለሐኪሙም መኖሪያ ሲታነጽ፣ የሚመረጠው የአሠራር ዓይነት እስከ ልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ስለዚህ በተዳፋት ላይ የሚቆም የድንጋይ ቤት በዛሬው ዕውቀት እንዴት ሊሠራ እንደሚገባው ጥቂት እናገራለሁ። አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ፤ ድንጋይ ብቻውን ቤት አይሆንም። ግድግዳው መቀነት ያስፈልገዋል፤ ውሃውም መንገድ ሊበጅለት ይገባል። እነዚህ ሁለቱ ከተጓደሉ የድንጋይ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ ቤት ይልቅ አደገኛ ነው።

የመቀነቱን ነገር አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ ይምርሐነ ክርስቶስን የተመለከተ ሰው፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነጭና ጥቁር ሆኖ በአግድም ተሰምሮ ያገኘዋል። ነጩ በልስን የተለበጠው ግንብ ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ በግንቡ መካከል በየደረጃው የተጋደመው እንጨት ነው። በደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው። እዚያ አግድም እንጨቶቹን ከውስጥና ከውጭ አጋጥመው የሚይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ የሚባል ስም ወጥቶላቸዋል። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች የጠረቡትም ሰዎች ይህንኑ የእንጨት ሥራ በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ቀርጸው አስቀርተውልናል። ብዙ ተመልካች ይህን ሁሉ እንደ ጌጥ ብቻ ያየዋል። ነገር ግን ድንጋይ ሲጫኑት ይጸናል እንጂ ሲጎትቱት ይላቀቃል፤ መጎተትን የሚችለው እንጨቱ ነው። ስለዚህ እንጨቱ የግድግዳው ማሰሪያ ነበር።

ይህ ማሰሪያ የሚፈተነው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ከካራ ቆሬም ቤቶች ብዙዎቹን ጥሏል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ዋግ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ እጅግ የራቀ አገር አይደለምና ይህን ማሰብ ግድ ይላል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በተናወጠ ጊዜ የውስጡ ፊትና የውጩ ፊት ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የተጠቀጠቀው ጠጠርም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ግድግዳውን ከፊት እስከ ጀርባ የሚያቋርጥ ረዥም ድንጋይ ማስገባት ነው። በቁመት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ በአግድም በየ1 ሜትር ከ20 አንድ እንዲህ ያለ ድንጋይ መግባት አለበት። መስኮትና በር ከማዕዘኑ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። በጭቃ የሚያያዝ ግድግዳም ከ5 ሜትር በላይ ያለ አቋራጭ ግድግዳ ባይዘረጋ ይሻላል።

የጥንቱን የእንጨት ማሰሪያ ዛሬ እንመልስ ብንል ግን አይሆንልንም። ወይራውና ጽዱ ከየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እጅግ ተመናምኗል፤ ወደ ቆላው ሲወረድም ምስጥ አለ። በምትኩ ከመስኮቱና ከበሩ ራስ በላይ፣ ደግሞም ከጣሪያው ሥር፣ አራት ፌሮ በስታፋ የታሰረበት የአርማታ መቀነት ቤቱን ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይያዘው። ያ በውድ ዋጋ የመጣ ሲሚንቶ ሊውልበት የሚገባው ስፍራ ይህ ነው። መልካሙን ድንጋይ በሲሚንቶ ለስኖ ብሎኬት ማስመሰል ግን ገንዘብን ከማባከን በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንምጣ። ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ዳገቱን ከላይ ቆርሶ፣ አፈሩን ወደ ታች ደፍቶ ሜዳ ማበጀት ነው። ቤቱ ግማሹ በጽኑ ዓለት፣ ግማሹ በተደፋ አፈር ላይ ይቆማል። ክረምት በገባ ጊዜ የተደፋው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል፤ ግድግዳው ከመካከሉ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም ግንበኛውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን ግንበኛው ሳይመጣ የተፈጸመ ነው። መሠረቱ እስከ ጽኑው መሬት ተቆፍሮ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ በደረጃ እየወረደ፣ የየደረጃው ወለል ግን አግድም ሆኖ መቀመጥ አለበት። የቤቱ ረዥም ጎን በተራራው ወገብ አግድም ቢዘረጋ ቁፋሮው ያንሳል። በላሊበላ ከብቱን ከታች፣ ሰውን ከላይ የሚያኖሩ ክብ ባለሁለት ደርብ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጣው በውጭ ደረጃ ነው። ይህ ለተዳፋት የተመቸ አሳብ ነው። የታችኛው ክፍል በቁልቁለቱ በኩል በር አውጥቶ ጎተራ ወይም ዕቃ ቤት ሲሆን፣ የላይኛው በዳገቱ በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛል።

ከቤቱ ጀርባ ያለው ደጋፊ ግንብ የሚፈርሰው በአፈሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ ታቁሮ መውጫ ባጣ ውሃም ነው። ገበሬው ያለ ሲሚንቶ የካበው ካብ ብዙ ክረምት ሲያሳልፍ፣ በሲሚንቶ የተደፈነ ግንብ ቶሎ የሚያጎብጠው ስለዚህ ነው። ካቡ ውሃውን በየቀዳዳው ያሳልፈዋል። በሲሚንቶ የሚሠራ ሰው እንግዲህ ከግንቡ ኋላ ጠጠር ይሙላ፤ ከግርጌውም በየአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቧንቧ ያስገባ። ከሁሉ በላይ፣ ከቤቱ በላይ በኩል ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ቆፍሮ፣ ጎርፉን ወደ ጎን ይምራው። ቦዩ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ካልተጠረገ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ ሙቀቱ አጭር ቃል ይበቃል። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሌሊቱን ደግሞ ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ብርዳም ለሆነ አገር ይህ መልካም ነው። ቆርቆሮው ግን ይህን በጎነት ያጠፋዋልና፣ ከሥሩ ኮርኒስ ይደረግለት፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይተውለት። ያው ቆርቆሮ ውሃ ይሰበስባል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ዓመቱን በሙሉ 500 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ፣ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30,000 ሊትር ይቀበላል፤ አምስተኛው ክፍል ቢባክን እንኳ 24,000 ሊትር ይቀራል። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናቶች መንገር አያሻም። ማጠራቀሚያው ግን ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ፣ በጎን በኩል ይሠራ፤ ቢያፈስ ውሃው ወደ መሠረቱ እንዳይገባ።

በመጨረሻ አንድ የውል ነገር ላንሳ። ግንበኛ በሜትር ኪዩብ ሲከፈለው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ የሚተወው ያን ግድግዳ አቋራጭ ረዥሙን ድንጋይ ነው፤ እርሱን ፈልጎና ጠርቦ ማግባት ጊዜ ይፈጃልና። ስለዚህ አሠሪው ከክፍያው ውስጥ የዚህን ድንጋይ ሥራ ለብቻው ቆጥሮ በውሉ ያስገባ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲገባ በሁለቱም ፊት በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ሒሳቡም ምልክቱ ተቆጥሮ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ይከፈል።