አካል ጉዳተኛው መንገደኛና የእኛ ግዴታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)





 የመረጥነው ርእስ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው በመኪናና በአይሮፕላን ሲጓዝ ስለሚገጥመው አቀባበል ነው። በበዓል ቀን የማይነሣ ነገር ቢመስልም፣ ከመካከላችን የአንዱ ጉዳይ ስለ ሆነ ዝም ልንለው አልወደድንም። የምንናገረውም እርሱ ራሱ ፈቅዶልን ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በልጅነቱ በደረሰበት ሕመም አንድ እግሩ የሰለለና በክራንች የሚሄድ የክፍላችን ልጅ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ታዘዘ። ከባሕር ዳር በአይሮፕላን እንዲሳፈር ዘመዶቹ ቲኬት ቈረጡለት። እኛም ልንሸኘው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንጅባራ መናኻሪያ ተገኘን። የመጀመሪያው መኪና ረዳት ክራንቹን አየና «አንተ እስክትወጣ ይመሽብናል፤ የሚቀጥለውን ጠብቅ» አለው። የሁለተኛው ተቀበለው፤ ዳሩ ግን ሳይጠይቀው በብብቱ አንሥቶ እንደ ጆንያ ከኋላ ወንበር አስቀመጠው፤ ክራንቹንም ፖርቶመጋላ ላይ ወረወረው። መኪናው ዳንግላ ሲቆም ሌላው መንገደኛ ወርዶ ሲናፈስ እርሱ ካለበት አልተነቃነቀም። ሲመለስ ምክንያቱን ብንጠይቀው «እግሬ እኮ ጣራ ላይ ነበረ» ብሎ ሳቀ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ ክራንቹ ሲወረወር ቆመን እያየን አንድ ቃል አልተናገርንምና።

በባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ የገጠመው ሌላ ነው። ዘመዶቹ አስቀድመው አስታውቀው ስለ ነበር ተሽከርካሪ ወንበር ይጠብቀው ነበር፤ ሠራተኛውም መጀመሪያ ያለው ቃል «እንዴት ብናግዝህ ይሻልሃል?» የሚል ነው። ጓደኛችን ከጉዞው ሁሉ የማይረሳው ይህን ጥያቄ እንደ ሆነ ነግሮናል።

ይህ አሠራር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አየር መንገዶች የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ የሚሹትን መንገደኞች በሦስት ይለያሉ፤ ይኸውም ደረጃ መውጣት እየቻለ ረጅም መንገድ መሄድ የማይችለውን፣ ደረጃ መውጣት የማይችለውን፣ እስከ ወንበሩ ድረስ መወሰድ ያለበትን ነው። መንገደኛው ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲያስታውቅ ይጠየቃል። በአሜሪካ አገር አየር መንገዶች በአካል ጉዳት ምክንያት መንገደኛን እንዳያበላልጡ በ1986 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ እርዳታው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አዘዘ። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር መንገዶች የሰበሩት፣ ያዘገዩት ወይም ያጠፉት ተሽከርካሪ ወንበርና መሰል መሣሪያ ከ11 ሺህ በላይ ነበር።

አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች እንደ ማንኛውም ሰው በመጓጓዣ እንዲገለገሉ ያዛል። በመናኻሪያ ግን የመኪናው ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ መተላለፊያው በትርፍ ሰው ተዘግቷል፤ ረዳቱ መድረሻውን በጩኸት ብቻ ሲናገር መስማት የተሳነው አይረዳውም፤ ማየት የተሳነውም የትኛው መኪና እንደ ሆነ የሚነግረው ይሻል። ሹፌሮችና ረዳቶች ክፉዎች ናቸው አንልም፤ ጊዜና የቀን ሒሳብ ያስጨንቃቸዋል። ነገር ግን ጓደኛችንም እንደ ሌላው ሙሉ ታሪፍ ከፍሏል።

እኛ የአዊ ልጆች ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። አባቶቻችን በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ተሻግረዋል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለውም ለዚህ ነው። አገራችን ደግሞ የፈረስ አገር ናት። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደምናየው፣ ሰው ፈረስ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የእግሩን ድካም የሚጠይቅ የለም፤ ፈረሱ ከሁሉ ጋር እኩል ያደርገዋልና። ከመኪናም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሹፌሮችንና ረዳቶችን እንለምናለን፤ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ስጡ፤ ክራንቹና ነጩ በትር ከባለቤቱ አይለዩ፤ ተሽከርካሪ ወንበርንም እንደ ጭነት አታስከፍሉ። ወላጆች ሆይ፣ መንገዱን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን በቤት አታስቀሩ። ትምህርት ቤታችንም ይህ የቆምንበት መድረክ ደረጃ እንጂ መወጣጫ እንደሌለው ይመልከትልን። እኛም በዕረፍት ቀናችን ተራ ገብተን በመናኻሪያ ለማገልገል፣ ይልቁንም እንደዚያ ቀን ዝም ላለማለት ቃል እንገባለን።