ትምህርት ቤትን በምን እንመዝነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ «ያ ትምህርት ቤት ዜሮ ነው» የሚለው ፍርድ በየመንደሩ ይሰማል። ይህ ፍርድ ሲጸና ወላጅ ልጁን ያስቀራል፤ የመምህሩም ልብ ይሸፍታል።

ውጤት አይታይ አንልም። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት ሳይፈተን አይመረቅም፤ ያልጸናለት ተመልሶ ይቀጽላል። ፈተና የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ዓላማው ግን የጎደለውን አይቶ መልሶ ማስተማር እንጂ ጉባኤ ቤቱን ማዋረድ አይደለም።

በመክሊቱ ምሳሌ አምስት ተቀብሎ አምስት ያተረፈውና ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈው እኩል ተመሰገኑ፤ የቀበረው ግን ተወቀሰ። ሚዛኑ ከተቀበሉት ላይ ያተረፉት ነው። በስማዳ ቆላ ወይም በእስቴ ገጠር ቁርስ ሳይቀምስ ዳገት ወጥቶ የሚማረውን ልጅ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ካለው የከተማ ተማሪ ጋር በአንድ ቁጥር ብቻ ማወዳደር ፍትሕ አይሆንም። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንም ቢሆን ከአራቱ ደረጃዎች በአንዱ የሚመድበው ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን አብሮ አይቶ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ባልተከፈተ ክፍል የታጣው ውጤት በመምህሩ ላይ ሊቈጠር አይገባም።

ስለዚህ ውጤት በመጣ ጊዜ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ልጁ ሲገባ ምን ያህል ያነብ ነበር? በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ተማረ? በአጨዳና በውቂያ ወራት ከትምህርት ያስቀረው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ታችኛው ክፍል፣ ሁለተኛው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሦስተኛው ወደ እኛው ቤት ይመራናል። መክሊቱን የቀበረ መምህር ቢገኝ በወላጅና መምህር ኅብረት ፊት ይጠየቅ። እኛም የነፍስ አባት ስንሆን የንስሐ ልጆቻችንን «ልጅህ ዛሬ ተምሯል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ያን ጊዜ ውጤቱ የሁላችንም ውጤት ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።